አልወጣ ያለ የወፍጮ ሞተር ፑሌጃ እንዴት እንደሚወጣ

በደብረ ብርሃን ዙሪያና በአንኮበር ተዳፋት የናፍታ ወፍጮ ያላችሁ ሁሉ፤ ቺንጋው የሚዞርበት ፑሌጃ ሲሰነጠቅ ወይም ከኋላው ዘይት ሲያፈስ ፑሌጃውን ማውጣት ግድ ይሆንባችኋል። ነገር ግን በክረምት ጉምና ዝናብ ምክንያት ብዙ ዓመት ያልተነካ ፑሌጃ ከዘንጉ ጋር በዝገት ተጣብቆ ይገኛል። ያን ጊዜ አብዛኛው ሰው መዶሻ ያነሣል። ፑሌጃው ብዙውን ጊዜ ከጊዛ፣ ማለት ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት፣ ስለሚሠራ መዶሻ ሲያርፍበት እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል፤ ምቱም በዘንጉ አልፎ ኩሽኔታውን ይጎዳል። በዚህ ዓይነት ለአንድ ፑሌጃ ሲባል ሞተሩ ይቆማል፤ የመንደሩም ሴቶች እህላቸውን አዝለው ሌላ ወፍጮ ፍለጋ ይሄዳሉ።

በመጀመሪያ ሞተሩን አጥፉ፤ ናፍታውን ዝጉ፤ እስኪቀዘቅዝም ጠብቁ። ወፍጮው በመብራት የሚሠራ ከሆነ ዋናውን ማቋረጫ አጥፍታችሁ ማንም እንዳያበራው በአጠገቡ ሰው አቁሙ። ቺንጋውን አላልታችሁ አውጡ እንጂ በፌሮ አትፈልቅቁት።

ቀጥሎ ፑሌጃውን የያዘው ነገር ምን እንደ ሆነ መርምሩ፤ ብዙ ድካም የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ቆሻሻውንና የዱቄቱን ቅርፊት በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። አንዳንዱ ፑሌጃ በጎኑ በምትጠብቅ ትንሽ ቡሎን ይያዛል፤ እርስዋም በቅባት ተሸፍና ሳትታይ ትቀራለች። በአሮጌ ሞተሮች ላይ ደግሞ መጥረቢያ በዛቢያው እንዲጠብቅ ውሻል እንደሚመታበት ሁሉ፣ በዘንጉና በፑሌጃው መካከል ራስ ያላት የብረት ውሻል ትገባለች። ፑሌጃው ሳይነካ አስቀድማ የምትወጣው እርስዋ ናት፤ በራስዋና በፑሌጃው መካከል ሽብልቅ አስገብታችሁ በቀስታ ምቱ። በመካከሉ ሦስት ቀዳዳ ያለው፣ ሁለቱ ቡሎን ያለባቸው ሦስተኛው ግን ባዶ የሆነ ፑሌጃ ካያችሁ ደስ ይበላችሁ። ሁለቱን ቡሎኖች ፈትታችሁ አንዱን ዘይት ቀብታችሁ በባዶው ቀዳዳ አጥብቁት፤ የውስጡ ቡሽ ራሱ ይላቀቃል።

የያዘው ሁሉ ተፈትቶ ካልወጣ የቀረው ዝገቱ ነው። በዘንጉ ዙሪያ ቀጭን ዘይት አፍስሳችሁ እስከ ነገ ተዉት። በማግሥቱ በጋራዥ ፑለር የሚባለውን ማውጫ አምጡ፤ ጥፍሮቹ የሚይዙት ከመካከለኛው ወፍራም ክፍል ኋላ እንጂ ከጠርዙ አይሁን፤ ጠርዙ ይሰበራልና። ጥቂት አጥብቁ፤ ቆዩ፤ ደግሞ ጥቂት አጥብቁ።

ይህም ካቃተ ሙቀት ይረዳል። በእሳት ግን አይደለም፤ በአየር ላይ የሚበን ዱቄት ራሱ እንደ ባሩድ ይቀጣጠላል፤ ዘይቱና ናፍታውም አለ። በፑሌጃው መካከለኛ ክፍል ላይ ጨርቅ ጠቅልላችሁ የፈላ ውሃ አፍስሱበት (በመብራት ሞተር ላይ ግን ውሃ አይፈስም)። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃው በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ዘንጉ 40 ሚሊ ሜትር ቢሆንና ፑሌጃው በ75 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ቀዳዳው በ3 መቶኛ ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ይኸውም የአንድ ወረቀት ውፍረት ሲሶ ነው። ዝገቱን የሚያላቅቀው ይህ ጥቂቱ ነው። ዘንጉ አብሮ ሳይሞቅ ፈጥናችሁ ሳቡ፤ የማለዳው ብርድ ለዚህ የተመቸ ነው።

በመልሱ ጊዜ ዘንጉን በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት አጽድታችሁ ስስ ግራሶ ቀቡት። ባለ ሦስት ቀዳዳው ቡሽ ግን ደረቅ ሆኖ ይገባል፤ ከተቀባ ይንሸራተታል። በመጨረሻም ከሞተሩ ፑሌጃ እስከ ወፍጮው ፑሌጃ በጎን በኩል ገመድ ወጥሩ፤ ገመዱ የሁለቱንም ጠርዝ እኩል ካልነካ ሞተሩን አቃኑት፤ አለዚያ አዲሱ ቺንጋ ፈጥኖ ይበላል።