የባሕር ወለል ፈታሹ

መካነ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ከባሕር ይልቅ ለዓባይ ሸለቆ የቀረበች የወሎ ደጋ ከተማ ናት። ከዚህች ከተማ ሆኖ ስለ ባሕር ፈንጂ ማውራት ለአንዳንዱ አንባቢ እንግዳ ይሆንበት ይሆናል። ነገር ግን የቦረና፣ የወግዲና የሳይንት ገበሬ ለስንዴውና ለጤፉ የሚጠብቀው ማዳበሪያ የሚመጣው በመርከብ ነው። ከሞሮኮ የሚገዛው የስዊዝን ቦይ አልፎ፣ ቀይ ባሕርን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጦ ጅቡቲ ይራገፋል። ከዚያ በጋላፊና በሚሌ አድርጎ ኮምቦልቻና ደሴ ይወጣል፤ በአቀስታ በኩል ደግሞ መካነ ሰላም ይደርሳል። የደጋው አዝመራ በባሕሩ ደኅንነት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ይህ የባሕር መንገድ ከዚህ ቀደም ፈንጂ ተዘርቶበታል። በሐምሌና በነሐሴ 1976 ዓ.ም. ከስዊዝ ባሕረ ሰላጤ እስከ ባብ ኤል መንደብ ድረስ ከ15 የማያንሱ የንግድ መርከቦች ከሥራቸው በፈነዳ ነገር ተጎዱ። ዋነኛ ተጠርጣሪ የሆነችው ጋት የምትባል የሊቢያ የጭነት መርከብ ነበረች። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያንና አሜሪካ ፈንጂ አሳሽ መርከቦችንና ሄሊኮፕተሮችን ላኩ፤ ሶቪየት ኅብረትም ሌኒንግራድ የተባለችውን ሄሊኮፕተር ተሸካሚ መርከቧን ወደ ደቡቡ ክፍል አሰማራች። በመስከረም 1977 እንግሊዛውያን ጠላቂዎች ከወለሉ ላይ ሶቪየት ሠራሽ ፈንጂ አገኙ።

ወቅቱን የወሎ ሰው አይዘነጋውም። ዝናቡ የከዳበት፣ የሰባ ሰባት ድርቅ የበረታበት ጊዜ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ የእርዳታ እህል የጫኑ መርከቦች ወደ አሰብ ጎረፉ፤ እህሉም በአሰብ መንገድ ወደ ኮምቦልቻና ደሴ ተጓጓዘ። መርከቦቹ የሚያልፉበት ውኃ በዚያ ክረምት ባይፈተሽ ኖሮ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ማሰብ ይከብዳል። ያን ጊዜ ፍተሻው የሚካሄደው በመርከብ ላይ በተገጠመ ሶናርና ነፍሳቸውን ሸጠው በሚጠልቁ ሰዎች ነበር። ዛሬ ይህን ሥራ እየተረከበ ያለው ሰው አልባው የባሕር ውስጥ ተሽከርካሪ ነው።

የባሕር ፈንጂ አንድ ዓይነት አይደለም። በሰንሰለት ታስሮ በውኃው መሐል የሚቆም አለ፤ ማዕበል እየገፋው የሚንሳፈፍ አለ። አስቸጋሪው ግን ወለሉ ላይ የሚተኛው ነው። ይህኛው መርከቧ እስክትነካው አይጠብቅም። የብረቷን ማግኔታዊ ኃይል፣ የሞተሯን ድምፅ ወይም ስታልፍ የምትፈጥረውን የውኃ ግፊት ለውጥ ያዳምጣል። አንዳንዱ መቁጠሪያ አለው፤ የመጀመሪያዎቹን መርከቦች ዝም ብሎ ያሳልፍና ከዚያ በኋላ በምትመጣው ላይ ይፈነዳል። ስለዚህ አንድ መርከብ በሰላም ማለፏ ለቀጣይዋ ዋስትና አይሆንም።

እንዲህ ያለውን ፈንጂ ከሚፈልጉት ሰው አልባ ፈታሾች በስፋት የሚታወቀው ሬመስ 100 ይባላል። አሜሪካ ውስጥ በማሳቹሴትስ ባለው የዉድስ ሆል የውቅያኖስ ጥናት ተቋም የተፈለሰፈ ነው። ቅርጹ የቶርፔዶ ነው፤ ውፍረቱ 19 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል ትንሽ የሚበልጥ፣ ክብደቱ 37 ኪሎ ግራም ገደማ። ሁለት ሰዎች ከትንሽ ጀልባ ላይ ሊያወርዱት ይችላሉ። እስከ 100 ሜትር ጥልቀት ይወርዳል።

ውኃ ውስጥ ከገባ በኋላ ጂፒኤስ አይደርሰውም፣ ሬዲዮም አይሰማም። ወደ ወለሉ ድምፅ እየላከ የነጠረውን በመለካት ፍጥነቱንና አቅጣጫውን ያሰላል፤ በየቦታው ከተተከሉ የድምፅ ምልክት ሰጪዎችም አድራሻውን ያጣራል። ከዚያ የቦረና ገበሬ ማሳውን በትልም በትልም እንደሚያርስ ወለሉን እየተመላለሰ ይሸፍናል፤ ያልታየ ቦታ እንዳይቀር አንዱን መስመር በሌላው ላይ በጥቂቱ ይደርባል።

ዋናው ሴንሰሩ በግራና በቀኝ ጎኑ የተገጠመው ሶናር ነው። በባሕር ውኃ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሶናሩ የሚልከው ድምፅ ድግግሞሹ እስከ 900 ኪሎኸርዝ ይደርሳል፤ የሰው ጆሮ ከ20 አያልፍም። ድምፁ ወለሉ ላይ ካለ ጠንካራ ነገር ሲነጥር ከበስተጀርባው ድምፅ ያልደረሰበት ጥላ ይቀራል። ባለሙያው ብዙ ጊዜ የሚያነበው ከአካሉ ይልቅ ይህን ጥላ ነው፤ ከርዝመቱ የነገሩን ቁመት፣ ከዳርቻው ቅርጹን ያወጣል። ቀጥ ያለ ጠርዝና የተስተካከለ ክብ በተፈጥሮ ድንጋይ ላይ እምብዛም አይገኝም።

ይሁን እንጂ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ድምፅ ዝርዝር ያሳያል እንጂ ሩቅ አይሄድም፤ ጭቃና አሸዋም አይሰነጥቅም። የተቀበረ ፈንጂ ለማግኘት ድግግሞሹ ዝቅ ያለ ድምፅ ያስፈልጋል። ይኸው መርሕ በአገራችንም ሠርቷል። ጣና ሐይቅ ላይ ተመራማሪዎች ደለሉን ዘልቆ የሚገባ ድምፅ ልከው፣ ከወለሉም ናሙና አውጥተው፣ ሐይቁ ከ16,000 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ደርቆ እንደነበር አረጋግጠዋል።

ማግኔቶሜትር ሌላው ሴንሰር ነው። በደለል ውስጥ የተደበቀ ብረት ይጠቁማል፤ ሆኖም ማንታ እንደሚባለው የጣሊያን ሥሪት ያሉ፣ ሽፋናቸው ከፋይበርግላስ የሆነ ፈንጂዎች ሊያመልጡት ይችላሉ። በየካቲት 1983 ዓ.ም. በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ጦርነት ፕሪንስተን የተባለችውን የአሜሪካ የጦር መርከብ የጎዳው ማንታ ነበር። ወደ ውኃው የሚያፈተልከውን የቲኤንቲ ርዝራዥ ለማሽተት የሚሞክሩ ኬሚካል ሴንሰሮችም አሉ። ሞገድ ሽታውን ስለሚበታትነው ግን ብቻቸውን አይታመኑም።

ሬመስ በውጊያ ቀጣና ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈተነው በመጋቢት 1995 ዓ.ም. በኢራቅ ወደብ በኡም ቃስር ነው። ሰር ጋላሃድ የምትባል የእንግሊዝ መርከብ ምግብና ውኃ ጭና ደጅ ላይ ቆማለች፤ በመተላለፊያው ላይ ፈንጂ በመገኘቱ ጉዞዋ ዘገየ። ጠላቂዎች፣ የሠለጠኑ ዶልፊኖችና እነዚህ ማሽኖች አብረው ሠሩ። መርከቧ ወደብ የገባችው መጋቢት 19 ቀን ነው።

ሥራው አድካሚ የሚሆነው ፈንጂ ሲገኝ ብቻ አይደለም። የቀይ ባሕር ወለል በኮራል የተሞላ ነው፤ በርሜል፣ የመርከብ ስብርባሪና የተጣለ መልሕቅም አይጠፋም። እያንዳንዱ አጠራጣሪ ጥላ ተመልሶ በቅርብ ይታያል፤ ካሜራ ይላክበታል፤ ፈንጂ መሆን አለመሆኑን በመጨረሻ የሚወስነው ሰው ነው። ወደብን የሚዘጋው ጥርጣሬ ነው። መድን ሰጪው ዋጋ የሚጨምረው፣ የመርከብ ባለቤት ጉዞ የሚሰርዘው ፈንጂው ሳይታይ ገና ወሬው ሲሰማ ነው። ስለዚህ የማሽኑ ትልቁ አገልግሎት «እዚህ ምንም የለም» ብሎ በማስረጃ ማሳየት ነው።

በ1900 ዓ.ም. የተፈረመው ስምንተኛው የሄግ ስምምነት ፈንጂ የዘራ መንግሥት አደገኛውን ቀጣና ለመርከበኞች እንዲያሳውቅ፣ ጦርነቱ ሲያበቃም ያጠመደውን እንዲያነሳ ያዛል። በ1976ቱ ጊዜ ግን ፈንጂውን የዘራሁት እኔ ነኝ ብሎ አደገኛውን ቀጣና ለመርከበኞች ያሳወቀ መንግሥት አልነበረም። በቅርብ ዓመታት የየመን ጦርነት ወደዚያው ባሕር ፈንጂ መልሶ አምጥቷል። በ1980ዎቹ ፈርሶ እንደገና እንዲቋቋም የተወሰነው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ከመድፍ አስቀድሞ ሊይዘው የሚገባው ሙያ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የሶናር ምስል ለማንበብ የሚሠለጥን ወጣት የግድ ባሕር ዳር መወለድ የለበትም፤ ትምህርቱ የድምፅ ፊዚክስ፣ ሒሳብና ኮምፒውተር ነው፤ ለልምምድም ጣና አለ።