ሐዘንተኛዋን «ንገሪኝ» የሚላት ሰው

አባቴ ሲሞት እናቴ ገበያ ወርዳ ዕቃ ሸጣ አታውቅም ነበር። ድሬ ጠያራ ያለውን ማሳችንን የሚያርሰው፣ ኦቾሎኒውንና ጫቱን ሐረር ሸዋ በር አውርዶ የሚሸጠው አባቴ ነበር። ዛሬ ሒሳቡን የምትይዘው፣ ከነጋዴ ጋር ተከራክራ ዋጋ የምትቆርጠው እናቴ ናት። በመንደሩ ሐዘን የደረሰባት ሴት ስትኖርም ቀድማ የምትጠራው እሷ ናት። ይህን ያየ ሁሉ «መከራ አጠነከራት» ይላል። እኔ ነርስ ነኝ፤ ልጇም ነኝና በዚህ አልስማማም። መከራው የሠራው ነገር ቢኖር እሷን መስበር ነው። ያቆማት ከዚያ በኋላ ከራሷ ጋር የገጠመችው ትግል ነው፤ ለትግሉም ጊዜና ሰው ማግኘቷ።

ጊዜውን የሰጣት ሃይማኖቷ ነው። ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት 4 ወር ከ10 ቀን ዒዳ ትቀመጣለች፤ አታጌጥም፣ አታገባም፣ ያለ ችግር ከቤቷ አትወጣም። ሰውን የሰጣት ደግሞ አፎቻው ነው። አፎቻ በሐረርና በዙሪያዋ ሰው ለለቅሶም ለሠርግም የሚረዳዳበት ማኅበር ነው፤ የሴቶቹ ለብቻው፣ የወንዶቹም ለብቻው።

ለቅሶ የሚደርሰው ሰው «ሶብር አድርጊ፣ የአላህ ውሳኔ ነው» ብሏት ይሄዳል። ቃሉ እውነት ነው፤ እናቴም ታምንበታለች። ገና አፏን ሳትከፍት ሲባልባት ግን ያሰበችውን ዋጥ አድርጋ ዝም ትላለች። ከአፎቻው አንዲት አሮጊት ብቻ የተለዩ ነበሩ። የሚጠጡትን ሆጃ ይዘው ምንጣፉ ላይ ከጎኗ ይቀመጡና «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» ይሏታል። እሷም ሌሊቱን እንዴት እንዳነጋው፣ መኪና ፍለጋ እስከ አስፋልቱ ማን እንደሮጠ ትነግራቸዋለች። ሌላ ቀን ተመልሰው ይመጣሉ፤ ያንኑ ትነግራቸዋለች። «ትናንት ነግረሽኛል» ብለው አያውቁም። መጀመሪያ አካባቢ ወሬዋ ሁልጊዜ የሚያልቀው «ቶሎ ሐኪም ቤት ብወስደው ኖሮ» ላይ ነበር። እየቆየ ሌላ ሌላው ይገባበት ጀመር፤ አባቴ ጫቱን እንዴት እንደሚያስር፣ ብድር ማን ጋ እንዳለው። አንድ ቀን በወሬው መሐል «ኦቾሎኒውንስ ማን ሊሸጠው ነው?» ብላ ራሷ ጠየቀች።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ቴዴስኪና ሎረንስ ካልሁን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን ይህን ጉዳይ አጥንተው «ከጉዳት በኋላ የሚመጣ ዕድገት» አሉት። በ1996 ባወጡት መለኪያ ዕድገቱን በአምስት ነገር ያዩታል፦ ከሰው ጋር መቀራረብ፣ አዲስ የኑሮ መንገድ፣ የራስን ብርታት ማወቅ፣ የመንፈስ ለውጥ፣ ለሕይወት ዋጋ መስጠት። ከሁሉ ልቤን የነካው ግን ስለ ማሰላሰል የጻፉት ነው። ሳይፈልጉት እየመጣ የሚያሠቃይ ሐሳብ አለ፤ ሰው ዐውቆ የሚያገላብጠውም አለ። ዕድገቱ ይበልጥ የሚመጣው ከሁለተኛው ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገርም ሳይቸኩል የሚሰማ ሰው ይረዳል። አሮጊቷ መጽሐፍ ሳያነቡ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪም በ2006 አሮጊቶችን አሠልጥኖ ከጤና ጣቢያ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። በጭንቀትና በድብርት የተያዘ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ ችግሩን ያወራቸዋል። በ2016 የወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ እነሱ ያዩአቸው ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ ተሽሏቸው ተገኙ። እኛ ዘንድ አሮጊቶቹም ምንጣፉም ሞልተዋል። አፎቻዎቻችን የመቃብሩንና የምግቡን ጉዳይ እንደሚያስቡበት ሁሉ፣ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ሐዘንተኛዋን ማን እየተመላለሰ እንደሚጠይቃት ቢመድቡ ምንኛ በወደድኩ።

ሐዘን ሁሉን ሰው አያሳድግም፤ ያላደገም ሰው ጥፋተኛ አይደለም። ያደገውም ቢሆን ሐዘኑ አይጠፋለትም። እናቴ ረመዳን በመጣ ቁጥር ፊጥራ ላይ ታለቅሳለች። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ፣ ከስድስት ወር በላይ የዘለቀና ሰውን ከኑሮው ያስተጓጎለ ከባድ ሐዘን ሕክምና የሚፈልግ ሕመም ነው። መሞትን የሚመኝ ሰው ደግሞ አንድ ቀንም መጠበቅ የለበትም። ከገጠር የሚመጡ ብዙ እናቶች ካርድ አውጥተው «ራሴን ያመኛል፣ ልቤን ይመታኛል» ብቻ ይሉናል። እባካችሁ፣ ማን እንደሞተባችሁም ንገሩን።