ልብ ውስጥ የከረመ ሽቦ እንዴት ይወጣል?

ባለፈው ክረምት አጎቴ ከጨንቻ ወርደው አርባ ምንጭ እኛ ቤት ሰነበቱ። ከስምንት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ፔስሜከር ተገጥሞላቸዋል። መሣሪያው የተቀበረበት፣ ከግራ ትከሻቸው ዝቅ ብሎ ያለው ቆዳ ቀልቶ ፈሳሽ ያዣል። ሁለት ጊዜ ኪኒን ተሰጥቷቸው ደረቅ ብሎ ተመልሷል። «ቁስል ነው እንጂ ሌላ ምን አለው? ቅባት ፈልግልኝ» አሉኝ። የጤና ተማሪ ተብዬ መልስ አጣሁ። ውድ አንባቢያን፣ ይህን ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ፔስሜከር ባትሪ ያለበት ሣጥንና በደም ሥር አልፎ ቀኝ ልብ የሚገባ ሽቦ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ሣጥኑን መቀየር ያን ያህል አያስቸግርም። ሽቦው ግን ሌላ ነው። ሰውነት ባዕድ ነገርን በጠባሳ ስለሚሸፍን፣ በዓመታት ውስጥ ሽቦው ከደም ሥሩ ግድግዳ፣ ከትራይከስፒድ ቫልቭና ከልብ ጡንቻ ጋር ይጣበቃል። የዲፊብሪሌተር ሽቦ ደግሞ ወፈር ያለና ጥቅልል ያለበት ስለሆነ ይብሳል። ዝም ብሎ ቢጎተት ልብ ወይም ትልቁ ደም መልስ ሊቀደድ ይችላል።

ታዲያ ለምን አይተውም? ካልመረቀዘ ብዙ ጊዜ ይተዋል። ከመረቀዘ ግን ባክቴሪያው ሽቦው ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ ስለሚደበቅ አንቲባዮቲክ ብቻውን አያጠፋውም፤ ያስታግሰዋል እንጂ። ቆይቶ ወደ ደም ከዘለቀ ቫልቭ ያበላሻል፣ ይገድላል። ስለዚህ ሣጥኑም ሽቦውም መውጣት አለባቸው።

ሐኪሙ በሽቦው ውስጥ ባለው ቀዳዳ መቆለፊያ አስገብቶ አጥብቆ ይይዘዋል። ከዚያ በሽቦው ላይ ቱቦ እያሳለፈ ጠባሳውን በሌዘር ወይም በሚሽከረከር ጫፍ ያላቅቃል። ደረት የሚከፍት ቀዶ ሐኪም አጠገቡ ዝግጁ መሆን አለበት፤ ደም ሥር ከተቀደደ ያለው ጊዜ ደቂቃዎች ብቻ ነው።

ውጤቱ ከጠበቅሁት በላይ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ኤሌክትራ የተባለ የአውሮፓ ጥናት ከ3,500 በላይ ሕሙማን ላይ 96.7 በመቶ ስኬት አሳይቷል። ከሥራው ጋር የተያያዘ ከባድ ጉዳት 1.7፣ ሞት 0.5 በመቶ ነበር። አሥር ዓመት ያለፈው ሽቦ አደጋው ከፍ ይላል። እኔን ያስገረመኝ ግን ይኼ ነው፦ በማንኛውም ምክንያት ሆስፒታል ውስጥ የሞቱት ብዙ በሚሠሩ ማዕከላት 1.2፣ ጥቂት በሚሠሩት 2.5 በመቶ ናቸው። የእጅ ልምድ ማለት እንግዲህ ይኼ ነው።

እኛ ጋ፣ ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን፣ የምንሠራው ትንሽ ቢመስልም ወሳኝ ነው። እብጠቱን በመርፌ አለመውጋት፣ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ለካልቸር ደም መውሰድ፣ ሳይውል ሳያድር ሪፈር መጻፍ።

አጎቴን አሳምነን ወደ ገጠሙላቸው ሐኪም ላክናቸው። እዚያ በመጀመሪያ የተጠየቁት የሽቦው ዓይነትና የተገጠመበት ቀን ነበር። ካርዱ ለካ ጨንቻ ሣጥን ውስጥ ቀርቷል። በማግስቱ ወንድሜ በጠዋቱ አውቶቡስ ይዞላቸው ሄደ።