ብስክሌት ለሚወዱ፣ መቀመጥ ላቃታቸው

የመሥሪያ ቤታችን የሽያጭና ማርኬቲንግ ስብሰባ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይጀመራል። አንድ የጥቅምት ሰኞ ታዲያ ስብሰባውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆሜ ተካፈልኩ። ኃላፊዬ «ወንበር አለ እኮ፣ ተቀመጥ እንጂ» ስትለኝ «ወገቤን ትንሽ አሞኛል» አልኳት። ውሸቴን ነው፤ ወገቤ ደህና ነበር። የታመመው ከወገብ ዝቅ ብሎ ያለው፣ ስሙ በስብሰባ ላይ የማይነሳው ቦታ ነበር።

እርስዎም ከብስክሌት ወርደው እንዲህ ዓይነት ሰበብ ፈጥረው የሚያውቁ ከሆነ ይህን ጽሑፍ ያንብቡት። ብስክሌት የማይነዱ ከሆነም በቤትዎ ሰበብ የሚፈጥር ሰው ሊኖር ይችላል። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ከተጀመረ ወዲህ፣ በቅርቡም በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመሮች ከተዘረጉ በኋላ በአዲስ አበባ ብስክሌት ያወጣ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ስለ ሄልሜት ሁሉም ይመክራል። ስለ ቆዳ ግን ማንም አይናገርም።

ከዚያ ሰኞ በፊት የነበረውን እሑድ ላውራዎት። ከአስኮ ተነስተን በቡራዩ በኩል ሆለታ ደርሰን ተመለስን፤ ደርሶ መልሱ ረጅም መንገድ ነው። የጥቅምት ጠዋት ብርድ እንደምታውቁት ነው። እኔም ከውስጥ የጥጥ ፓንት፣ በላዩ ወፍራም ሙታንታ፣ በላዩ ደግሞ ቱታ ደርቤ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ላቤ ያን ሁሉ አረጠበው። ሆለታ ስንደርስ ጨጨብሳና ማኪያቶ አዝዘን፣ በዚያው እርጥብ ልብስ ተቀምጠን አንድ ሰዓት ያህል ስንጫወት ቆየን። የመመለሻውን መንገድ ባላስታውሰው ደስ ይለኛል።

ማታ እያነከስኩ ስገባ ነገሩን መጀመሪያ የተረዳው ገጠር ያደገው አባቴ ነው። «ተገጠብክ በለኛ!» ብሎ ሳቀ። ገጣባ ማለት በጭነት ከብት ጀርባ ላይ የሚወጣው ቁስል ነው። «አህያ የሚገጠበው» አለኝ፣ «ጭነቱ ስለከበደ ብቻ አይደለም። ኩርታኑ ካልተመቸና ጭነቱ ወዲያ ወዲህ ካለ በቀላል ጭነትም ይገጠባል።» በኋላ ሐኪም ያስረዳኝ ከዚህ ብዙ አልራቀም።

በደቂቃ 80 ጊዜ ፔዳል ቢመቱ በሰዓት 4,800 ጊዜ ነው። በአራት ሰዓት ጉዞ እያንዳንዱ ጭንዎ ከኮርቻው ጋር 19,200 ጊዜ ይተሻሻል። (እዚህ ላይ ኮርቻ ያልኩት የብስክሌቱን መቀመጫ ነው፤ በአማርኛ የሰውም የብስክሌትም «መቀመጫ» ስለሚባል እንዳንደናገር ብዬ ነው።) ደረቅ ቆዳ መተሻሸቱን ለጊዜው ይችለዋል። በላብ የራሰ ቆዳ ግን ይለሰልስና ቶሎ ይላጣል። በተላጠው ቦታ ወይም በፀጉር ሥር ባክቴሪያ ሲገባ ትናንሽ መግል የያዙ እብጠቶች ይወጣሉ። ያንኑ እብጠት ይዘው በሚቀጥለው እሑድ ከተመለሱበት ወደ ብጉንጅ ሊለወጥ ይችላል። ሕመሙ በእነዚህ ደረጃዎች የሚሄድ ስለሆነ በመጀመሪያው ላይ ቢያቆሙት ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ቀን ዕረፍት ይበቃዎታል።

እኔ አላቆምኩትም። የገበያ ሰው ነኝና መጀመሪያ ያደረግሁት ዕቃ መግዛት ነበር፤ ጄል ያለው ለስላሳ የኮርቻ ሽፋን ገዛሁ። ማሸጊያው ላይ ስለ ምቾት የተጻፈውን ሳነብ፣ ራሴ ብጽፈው ኖሮ ከዚህ የተሻለ አልጽፍም ነበር ብያለሁ። ባሰብኝ። በጣም ለስላሳ ኮርቻ ላይ ሰውነት ይሰምጣል፤ ክብደቱን መሸከም ያለባቸው ሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ሲሰምጡ መሀል ያለው ለስላሳ ሥጋ ይጫናል፣ ይፋተጋል። የሚያስፈልገው በልክዎ የሆነ ኮርቻ ነው። ልክዎን ለማወቅ ዕቃ የመጣበት ውስጡ ሸንተረር ያለው ካርቶን ጠንካራ ደረጃ ላይ አንጥፈው፣ ስስ ልብስ ለብሰው ጉልበትዎን ከፍ በማድረግ ይቀመጡበት። አጥንቶቹ ሁለት ጎድጓዳ ምልክት ይተዋሉ። ከአንዱ መሀል እስከ ሌላው መሀል በሜትር ይለኩ፤ ኮርቻው ከዚያ ቁጥር በሁለት ወይም በሦስት ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ይሁን። የሴቶች አብዛኛውን ጊዜ ሰፋ ያለ ስለሆነ የባልን ብስክሌት ቁመቱን ብቻ አስተካክሎ ለሚስት መስጠት አይሠራም። እኔም ይህን ያወቅሁት ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ነድታ እምቢ ካለች በኋላ ነው።

ከፍታውም መስተካከል አለበት። ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ ያድርጉ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ በላይ ከፍ ካለ ፔዳሉን ለመድረስ ዳሌዎ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ አባቴ «ጭነቱ ወዲያ ወዲህ ካለ» ያለው ይኸው ነው። ኮርቻው ወደ ላይም ወደ ታችም ያላዘነበለ እንዲሆን የግንበኛ ውሃ ልክ አስቀምጠው ያስተካክሉት። ልጆች ካሉዎት ቶሎ ስለሚያድጉ በየሁለትና ሦስት ወሩ ቢያዩላቸው ጥሩ ነው። «ብስክሌት አልወድም» ያለ ልጅ አንዳንዴ ያመመውን ለመናገር ያፈረ ልጅ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙዎችን የሚያስደነግጠው ምክር። ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ ሲለብሱ ከሥሩ ፓንት አይለበስም። ቁምጣው የተሠራው ቆዳ ላይ በቀጥታ እንዲያርፍ ነው፤ ቆዳ የሚልጠው የፓንቱ ስፌትና ላብ የያዘው ጥጥ ነው። ስለዚህም አንዴ የተለበሰ ቁምጣ ሳይታጠብ አይደገምም። ዓለም ባንክ አካባቢ ውሃ በፈረቃ ለምንጠብቅ ሰዎች ይህ ቀላል አይደለም። እኔ ለቁምጣዬ ብቻ አንድ ጀሪካን ለይቼ እይዛለሁ፣ ባለቤቴም ይህን ስታይ ትስቃለች። ሲደርቅ ውስጡ ወደ ውጭ ተገልብጦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ክረምት ላይ ስፖንጁ በአንድ ቀን ስለማይደርቅ ሁለት ቁምጣ ያስፈልጋል።

ከመውጣትዎ በፊት የሚተሻሸው ቦታ ላይ ቫዝሊን ስስ አድርገው ይቀቡ። ለብስክሌተኞች ተብሎ የሚሸጥ ክሬምም አለ፤ ካላገኙ አይጨነቁ። በመንገድ ላይ በየአሥር ደቂቃው ለጥቂት ሴኮንድ ከኮርቻው ብድግ ይበሉ፣ ደም ይዘዋወራል። የሚቀመጡበት ቦታ ከደነዘዘዎት ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል ዝም ብለው አይቀጥሉ፤ ወርደው ኮርቻውን ያስተካክሉ። እንደ ደረሱም ከጨጨብሳው በፊት ልብስ ይቀይሩ። ብሽሽትን በምላጭ መላጨት የፀጉር ሥርን ስለሚያቆስል በመቀስ ማሳጠር ይሻላል።

ከቆሰለስ? ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና አጥበው፣ ሳያሹ አድርቀው፣ ሰፋ ያለ ልብስ ይልበሱ። ለተላጠ ቆዳ ለሕፃናት የሽንት ጨርቅ ሽፍታ የሚቀባው ዚንክ ኦክሳይድ ያለው ክሬም ጥሩ ነው። እብጠት ካለ በሙቅ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለአሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ይያዙበት። አያፍርጡት። አልኮልም ሆነ ቅቤ አይቀቡት፤ እናቴ በዚህ ዛሬም አትስማማም።

የእኔ ትልቁ ስህተት ግን ከዚህ በኋላ መጣ። አንድ መድኃኒት ቤት ገብቼ፣ ከኋላዬ ሰው ቆሞ ስለነበር «የሚያሳክክ ነገር አለኝ» ብቻ አልኩ። ባለሙያው ሳያይ ስቴሮይድ ያለው ቅባት ሰጠኝ። በሦስት ቀን ማሳከኩ ጠፋ፣ ደስ አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት ቅላቱ እስከ ጭኔ ተስፋፋ። ለካ ከመላጡ በተጨማሪ ጭርት ነበረብኝ። ስቴሮይድ የፈንገስን መልክ ይደብቃል እንጂ አይገድለውም፣ እንዲያውም እንዲስፋፋ ያግዘዋል። ስለዚህ ሰው ሳያየው የተሰጠ ቅባት በብሽሽትዎ ላይ አይቀቡ።

በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ ከዚያም ወደ አለርት ላኩኝ። የኮልፌ ቀራንዮ ልጅ ሆኜ በዘነበወርቅ በር ስንት ጊዜ አልፌያለሁ፣ ገብቼ ግን አላውቅም ነበር። አለርት በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ነው፤ ስሙ ዛሬም ከዚያ ጋር ስለተያያዘ እናቴ «እዚያ ምን ልታደርግ?» ብላ ደነገጠች። ዛሬ ግን ለችፌም፣ ለጭርትም፣ እንደኔ ላለ ገጣባም ሰው ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣበት የቆዳ ሕክምና ማዕከል ነው። እኔ ከቤቴ በታክሲ የምደርስበት ቦታ ለመሄድ ሰባት ሳምንት ፈጀብኝ። ሐኪሟ ለማየት የፈጀባት ሁለት ደቂቃ ነው፣ ፊቷም አልተለወጠም።

ከእኛ ጋር የሚነዳው አጎቴ፣ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ይህን ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ ብጉንጅ በተደጋጋሚ እንደሚወጣበት፣ አንዱ ከወር በላይ እንዳልዳነ ነገረኝ። ለማንም አላሳየም፣ ለሚስቱም ጭምር። ሲመረመር ስኳሩ ከፍ ብሎ ተገኘ። ብጉንጅ ቶሎ ቶሎ መመላለሱና ቁስል አልድን ማለቱ የስኳር በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። እብጠቱ እያደገ ከሄደ፣ ቅላቱ ከተስፋፋ፣ ትኩሳት ካለዎት ወይም ንፍፊት ከወጣብዎት ደግሞ ሌላ እሑድ አይጠብቁ።

ያፈሩ እንደሆነ ሾን ኬሊን ያስቡ። እ.ኤ.አ. በ1987 አየርላንዳዊው ብስክሌተኛ የስፔንን ዙር እየመራ፣ ውድድሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በዚሁ ቁስል ምክንያት አቋረጠ። ዓለም ሁሉ የት ቦታ እንደቆሰለ አወቀ። በዓመቱ ተመልሶ አሸነፈ።

ባለቤቴ ይህን ጽሑፍ አንብባ «ስምህን ሳትቀይር ልታወጣው ነው?» ብላኛለች። አጎቴ መድኃኒቱን እየወሰደ ነው፣ ሐኪሙም ቁስሉ ከዳነ በኋላ እንዲነዳ ፈቅዶለታል። በሚቀጥለው እሑድ ከአየር ጤና ተነስተን በዓለም ገና በኩል ሰበታ እንሄዳለን። ደረቅ ሱሪ በቦርሳዬ ይዣለሁ፣ ለእሱም አንድ ጨምሬ።