ያላዩትን ሰው በመድረክ ያሳዩ ወጣቶች

የዐሥራ አምስት ዓመት ልጃገረድ፣ ፊቱን አይታ፣ ድምፁንም ሰምታ የማታውቀውን ሰው መስላ በሕዝብ ፊት እንድትቆም ብትታዘዝ ጥናቷን ከምን ትጀምራለች? የሰውየውን ፎቶግራፍ በጋዜጣ ማተም ክልክል ነው፤ የተናገረውንም ቃል መጥቀስ እንደዚሁ። እርሷ ገና ሳትወለድ ታስሯል። የቀረላት ስሙና ታላላቆቿ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ እርሱ የሚያወሩት ብቻ ነው። በደቡብ አፍሪቃ «ሳራፊና» የተባለውን የሙዚቃ ትያትር ለማሳየት የተሰበሰቡት ወጣቶች የገጠማቸው ፈተና ይህን የመሰለ ነበር። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ትያትሩን የደረሱትና ያዘጋጁት ሚስተር ምቦንጌኒ ንጌማ ናቸው። እኚህ ሰው ከሚስተር ፐርሲ ምትዋና ከሚስተር ባርኒ ሳይመን ጋራ በ1981 ባዘጋጁት «ዎዛ አልበርት» በተባለው ጨዋታ ስማቸው በብዙ አገር ታውቆ ነበር። ያ ጨዋታ ሁለት ሰዎች ብቻ፣ ያለ ጌጥና ያለ መጋረጃ፣ ብዙ ሰዎችን እየመሰሉ የሚያሳዩት ነው። ሚስተር ንጌማ ከወይዘሮ ዊኒ ማንዴላ ጋራ ከተነጋገሩ በኋላ ግን ሐሳባቸው ወደ ልጆቹ አዘነበለ። የሁለት ሰው ሳይሆን የአንድ ትምህርት ቤት ጨዋታ ለመድረስም ቈረጡ።

የጨዋታው ታሪክ የሚፈጸመው በሶዌቶ፣ በሞሪስ አይዛክሰን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ተማሪዎቹ ሚስተር ኔልሰን ማንዴላ ከእስር ቤት የሚወጡበትን ቀን በትያትር ለማሳየት ይዘጋጃሉ፤ ሳራፊና የምትባለውም ልጅ የማንዴላን ቦታ ትይዛለች። እንግዲህ ወጣቶቹ ተዋንያን የሚጫወቱት ለትያትር የሚዘጋጁ ተማሪዎችን ነው፤ ይህም ማለት ራሳቸውን ነው።

ትምህርት ቤቱም በከንቱ የተመረጠ አይደለም። የአገሩ መንግሥት በ1974 ባወጣው ትእዛዝ፣ የጥቍር ልጆች ከትምህርታቸው እኩሌታውን፣ ሒሳብንም ጭምር፣ በአፍሪካንስ ቋንቋ እንዲማሩ ተወስኖ ነበር። ለብዙዎቹ ልጆች ይህ ቋንቋ የፖሊሱና የፈራጁ ቋንቋ ነበር፤ መምህራኑም ራሳቸው አጥርተው የማያውቁት ብዙዎች ነበሩ። ሰው በማያውቀው ቋንቋ ሒሳብ ሲማር ሒሳቡም ቋንቋውም ያመልጡታል። በዚህም ምክንያት ጁን 16 ቀን 1976 የሶዌቶ ተማሪዎች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው ተሰለፉ፤ ፖሊሶችም ተኰሱባቸው። ከሞቱትም መካከል ገና በልጅነት ዕድሜ የነበረው ሄክተር ፒተርሰን ይገኝበታል።

ሚስተር ንጌማ ወጣቶቹን የመረጡት ከጥቍሮች መኖሪያ ሰፈሮች ነው። ከእነርሱም አንዷ፣ ከደርባን ከተማ በስተ ሰሜን ከሚገኘው ከኳማሹ ሰፈር የመጣችው ወይዘሪት ሌለቲ ኩማሎ ናት። በ1970 ተወልዳ፣ «አማጂካ» ከሚባል በግቢ ውስጥ ከሚለማመድ የወጣቶች የዳንስ ቡድን ጋራ ስትጨፍር ቈይታ፣ በ1985 ለፈተና ቀረበች፤ ኋላም የሳራፊናን ቦታ አገኘች።

በትምህርት ቤት በዓል መዝፈን አንድ ነገር ነው፤ ገንዘብ ከፍሎ ለገባ ተመልካች በየማታው መዝፈን ግን ሌላ ሥራ ነው። በሙዚቃ ትያትር ተዋናዩ እየዘለለ መዝፈን፣ ዘፈኑንም እንደ ጨረሰ ሳያለከልክ መናገር አለበት። ስለዚህ ትንፋሹን እንደ ድኻ ገንዘብ በቍጠባ ይጠቀምበታል። ከሃያ የማያንሱ ልጆች በአንድነት እግራቸውን ሲያነሡ አንዱ ቢዘገይ ከኋለኛው ወንበር ላይ የተቀመጠውም ያየዋል። የትያትሩ ዜማዎች፣ ከሚስተር ንጌማ ሌላ፣ በስደት ይኖሩ የነበሩት ዕውቁ የመለከት ሊቅ ሚስተር ሂዩ ማሴኬላ የደረሷቸው ናቸው። የሙዚቃው ዓይነት «ምባቃንጋ» ይባላል፤ ቃሉም በመጀመሪያ የበቈሎ ገንፎ ማለት ሲሆን፣ የዕለት ምግብ እንደ ማለት ነው። ልጆቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሰሙት ቢሆንም በጆሮ የለመዱትን በሥርዐት መሥራት አዲስ ትምህርት ነበር።

ከሁሉ የከበደው ግን ሌላ ነው። ጁን 12 ቀን 1986 በመላው አገር የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች፣ ልጆችም ሳይቀሩ፣ ያለ ፍርድ ታሰሩ። ስለዚህ ከልምምዱ አዳራሽ ውጭ የሚሆነው ነገር በአዳራሹ ውስጥ ከሚጠናው ጋራ አንድ ነበር። እንዲህ ያለ ወጣት ለቅሶን ሊማር አይቸግረውም፤ የሚቸግረው ልክን መማር ነው። ተዋናይ በእውነት ቢያለቅስ ድምፁ ይታፈንና ዘፈኑ ይቋረጣል፤ አልቅሶ እንደ ሆነ ብቻ ቢያስመስል ደግሞ ተመልካቹ ያውቅበታል። ሐዘኑን ሳይክድ፣ ሐዘኑም ሳይጥለው፣ ነገ ማታ እንደገና ይዞት መቆም የቻለ ያን ጊዜ ተማሪነቱ ቀርቶ ባለሙያ ሆነ ይባላል።

ትያትሩ በጁን ወር 1987 በጆሀንስበርግ በማርኬት ትያትር ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ይህ ቤት በፊት የፍራፍሬ ገበያ የነበረ ሲሆን፣ ትያትር የሆነው ሶዌቶ በተቃጠለችበት በዚያው በ1976 ነው፤ ጥቍርና ነጭ ሳይለይ ተመልካች በማስገባቱም የታወቀ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ወጣቶቹ ወደ ኒውዮርክ ተሻግረው ኦክቶበር 25 ቀን 1987 በሊንከን ሴንተር ታዩ። ከዚያም ጃንዋሪ 28 ቀን 1988 በብሮድዌይ በኮርት ትያትር ጀመሩ። በዚያ መድረክ 597 ጊዜ ታይቶ ጁላይ 2 ቀን 1989 ተፈጸመ። ለቶኒ ሽልማትም በአምስት ዘርፍ ታጨ፤ ከታጩትም አንዷ ወይዘሪት ኩማሎ ነበረች። ብሮድዌይ ላይ ስትወጣ ዕድሜዋ ዐሥራ ሰባት ዓመት ነበረ። እርሷ በ1992 በተሠራው ፊልምም ሳራፊናን ሆና ተጫውታለች።

የማንዴላ ነገር ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም። ሚስተር ማንዴላ በ1962 ወደ አዲስ አበባ መጥተው በአፍሪቃውያን ጉባኤ ላይ ተናግረዋል፤ በኮልፌም የጦር ትምህርት ተምረዋል። ወደ አገራቸውም እንደ ተመለሱ በኦገስት ወር በዚያው ዓመት ተያዙ። አዲስ አበባ ያየቻቸውን ሰው የአገራቸው ልጆች ሳያዩአቸው አደጉ።

ልጆቹ ላይ ላዩን የሚቀዱት መልክ ስላልነበራቸው ያላቸውን አዋጡ፤ ይኸውም የሰፈራቸውን ዜማ፣ የአባቶቻቸውን አነጋገርና የራሳቸውን ናፍቆት ነው። በየምሽቱም ጥቍርና ነጭ የተማሪ ልብስ የለበሰችው ልጅ የማንዴላን ልብስ ለብሳ ትወጣና፣ እንደ ተፈታ ሰው ለሕዝቧ ትናገራለች። በመድረክ ላይ ሰውየው ሲፈቱ፣ በእውነቱ ግን ገና በወህኒ ቤት እስረኛ ነበሩ።

ትያትሩ በኒውዮርክ ከተዘጋ ሰባት ወር አልፎ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1990 ሚስተር ማንዴላ በእግራቸው ከእስር ቤት ወጡ። ፎቶግራፋቸውም በአገሩ ጋዜጣ ሁሉ ታተመ። በፊት የምታውቀው ስማቸውን ብቻ የነበረ ልጅ ያን ቀን ፊታቸውን አየች።