የነጥቡ ማዶ ወረፋ

ሥራዬ የጊዜ ሰሌዳ መያዝ ነው፤ የኔትወርክ ፕሮጀክቶች መቼ እንደሚጀመሩ፣ መቼ እንደሚያልቁና ለምን እንዳላለቁ የምጽፈው እኔ ነኝ። ስለዚህ የሌላ ሰው ፕሮጀክት ሲዘገይ ዓይኔ ቶሎ ያርፍበታል። ደጋግሜ የምመለስበት ታሪክ፣ መቀመጫውን ካሊፎርኒያ አድርጎ የኢንተርኔት ስሞችን የሚያስተባብረው አይካን እ.ኤ.አ. በ2012 የገጠመው ነው።

በድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ ከመጨረሻው ነጥብ ቀጥሎ የሚመጣውን ስም አንድ ድርጅት በውል ይይዘዋል። ብዙ ጊዜ ግን ባለውሉ ሰርቨር አይነካም፤ የቴክኒኩን ሥራ ለሌላ ኩባንያ ያስረክባል። በስሙ ሥር ያሉትን አድራሻዎች የሚመዘግበው፣ ለሚፈልጋቸው ሁሉ ቀን ከሌት መልስ የሚሰጠው፣ የመዝገቡንም ቅጂ በሦስተኛ ወገን ዘንድ በአደራ የሚያስቀምጠው ይኸው ኩባንያ ነው። በውሉ መሠረት የስም ፍለጋው በአንድ ሳምንት ውስጥ በድምሩ 4 ሰዓት ከተቋረጠ፣ አይካን ሥራውን ለአስቸኳይ ጊዜ ተረካቢ ሊሰጥበት ይችላል። እንዲህ ያለው ኩባንያ ሳይገመገም አይታለፍም። መቼ ይገምገም፣ ስንት ጊዜስ? ጣጣው እዚህ ላይ ነው።

በ2012 አዲስ ስም የሚጠየቅበት የማመልከቻ በር ኤፕሪል 12 ሊዘጋ ተቀጥሮ ነበር። አንዳንድ አመልካቾች የሌሎችን የፋይል ስም ማየት በመቻላቸው ሲስተሙ በዚያው ዕለት ከአገልግሎት ወጣ። አይካን ኤፕሪል 17 ተከፍቶ 20 ላይ እንደሚዘጋ አስታወቀ። አልሆነም። ከማስታወቂያ ላይ ማስታወቂያ ሲወጣ ሰንብቶ፣ በሩ በመጨረሻ የተዘጋው ሜይ 30 ነው። እንዲህ ያለ የሲስተም ስህተት ማንም ላይ ይደርሳል፤ የማልቀበለው መንስኤውን ሳያውቁ ቀን መቁረጡን ነው። አለቆች ቀን ሲጠይቁኝ «ነገ ምን እንደተበላሸ እነግራችኋለሁ፤ ቀኑን ከዚያ በኋላ» የምለው ለዚህ ነው። አይወዱትም።

ቀጥሎ 1,930 ማመልከቻ ተደረደረ። ማን ይቅደም? አይካን አመልካቾች በመረጡት ሰዓት ላይ የኮምፒውተር ቁልፍ ተጭነው ዒላማ የሚመቱበት ውድድር አዘጋጀ፤ ተቃውሞ ሲበዛ ተወው። ዲሴምበር ላይ በሎስ አንጀለስ ቲኬቱ 100 ዶላር የሆነ ዕጣ ወጣ። አንደኛ ቁጥር የደረሰው ቫቲካን በቻይንኛ ፊደል ላመለከተችው «ካቶሊክ» ለሚል ስም ነው።

ዋናው ብክነት ግን ወዲህ ነው። ከብዙ አመልካቾች ጀርባ ያለው ያው አንድ ኩባንያ ሲሆን፣ ያው የቴክኒክ መልስ በየማመልከቻው እየተጻፈ በየማመልከቻው ይገመገም ነበር። አንድ ሚኒባስ ተሳፋሪ በጫነ ቁጥር ለቦሎ ምርመራ እንደሚቆም ማለት ነው።

ለአዲሱ ዙር ይህ ተቀየረ። ኩባንያዎቹ 92,000 ዶላር ከፍለው ለብቻቸው እንዲገመገሙ ከኖቬምበር 19 ቀን 2024 እስከ ሜይ 20 ቀን 2025 በር ተከፈተላቸው፤ ስም ፈላጊው ካለፉት ውስጥ ይመርጣል። የስም ማመልከቻው የተቀጠረው ለኤፕሪል 30 ቀን 2026 ነበር። በመካከል የተተወው ክፍተት ደስ ይለኛል። መዘግየት ቢመጣ እንኳ ማንንም ሳይጎዳ የሚያርፍበት ቦታ ነው።

ክፍተቱ ግን በትንሽ ነገር ያልቃል። ኩባንያዎቹ ከሚፈተኑባቸው ነገሮች አንዱ ሰርቨሩ በሁለቱም የመልእክት መላኪያ ስልቶች፣ በዩዲፒም በቲሲፒም፣ ለጥያቄ መመለሱ ነው። በእኔ ሥራ ደጋግሜ የማየው ብልሽት ይኸው ነው፤ ፋየርዎሉ ላይ የቲሲፒ 53 ቁጥር ፖርት ተዘግቶ ይገኛል። አጫጭሩ መልስ በዩዲፒ ስለሚያልፍ ማንም አይጠረጥርም፤ በዲጂታል ፊርማ የረዘመው መልስ ሲመጣ ግን ይቀራል። ፖርቱን መክፈት የደቂቃ ሥራ ነው። የደኅንነት ክፍሉን ፈቃድ ማግኘትና ለድጋሚ ፈተና ተራ መጠበቅ ግን ሳምንታት ይበላል። በሰሌዳዬ ላይ ለጥገናው ሳይሆን ለፈቃዱ ቀን የምመድበው ከዚህ የተነሣ ነው።

የትኛውም ሰሌዳ የማይችለው መዘግየትም አለ። ለ«ዶት አፍሪካ» መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን የደገፈው የደቡብ አፍሪካ ድርጅትና የትውልደ ኢትዮጵያዊቷ የሶፊያ በቀለ ድርጅት ተፎካከሩ። ጉዳዩ በገለልተኛ ዳኞችና በአሜሪካ ፍርድ ቤት ሲንከባለል ቆይቶ፣ ስሙ ሥራ ላይ የዋለው በ2017 ነው። ክርክሩን ከቴክኒኩ ወረፋ መለየት እንጂ ቀን መቁረጥ አይጠቅምም።

በዚያው ዓመት የግዕዝ ፊደል ከነጥቡ ማዶ የሚጻፍበት ደንብ ወጥቷል፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንዱ የሌላው ተለዋጭ ሆነው ይታያሉ። በፊደላችን ስም ለማስመዝገብ የሚያስብ ካለ፣ ኩባንያ ሲመርጥ ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት ኩባንያው የሚቀበላቸውን የግዕዝ ፊደላት የሚዘረዝረው ሠንጠረዥ ተገምግሞ ማለፉን ይጠይቅ። ካላለፈ ያ ሌላ ወረፋ ነው።