ቁም ሣጥኑ ጠበበ ወይስ ተጨናነቀ?

በአዲስ አበባ ብዙ ቤተ ሰብ በአንድ ወይም በሁለት ክፍል ቤት ይኖራል። ስለዚህ «ቁም ሣጥኑ አልበቃንም» የሚል ቃል ከየቤቱ ይሰማል። ዳሩ ግን ሌላ ለመግዛት ከመቸኮላችን በፊት ያለውን መመርመር ይገባል።

የሥራው መጀመሪያ ልብሱን ሁሉ አውጥቶ አልጋ ላይ መዘርጋት ነው። ይህም የሚስት ሥራ ብቻ አይደለም፤ ባልም ልጆችም ይካፈሉት። ዓመት ሙሉ ያልተለበሰው ለሚለብሰው ይሰጥ።

ቀጥሎ ከፍታው ይለካ። ሸሚዝና ኮት ሲሰቀሉ 1 ሜትር ያህል ይበቃቸዋል። የሣጥኑ ውስጥ 2 ሜትር ከሆነ፥ እንግዲያው አንዱን ከላይ አንዱን ከታች አድርጎ ሁለት መስቀያ ዘንግ ማግባት ይቻላል። ረጅሙ ቀሚስ ለብቻው በአንድ ወገን ይሰቀል።

ጋቢ ግን አይሰቀልም፤ አራት ድርብ ስለሆነ በገዛ ክብደቱ ይላላል። ታጥፎ ይቀመጥ፤ እጥፋቱም በየጊዜው ይለወጥ፤ ያለዚያ በመስመሩ ላይ ይሳሳል።

ከሁሉ የሚበልጠው የክረምቱ ነገር ነው። እርጥበት ሻጋታን ያመጣል፤ ላብ የነካው የሱፍ ልብስም ብልን ይጠራል። ስለዚህ ልብስ ታጥቦ፥ ፈጽሞ ደርቆ ይግባ። ሣጥኑ ከግድግዳው ጥቂት ይራቅ፤ አየር እንዲዘዋወርበትም አይጠቅጠቅ።

የእናት የጥበብ ቀሚስ ለልጅ የሚደርሰው በዚህ ጥንቃቄ ነው። አንድ ክረምት ቸል የተባለ እንደሆነ ግን፥ ገንዘብ የማይመልሰው ነገር ይበላሻል።